ያልተቆጠረው የበቅሎ ተራ

የቀድሞ ባሌ የእኔንም ድርሻ ጨምሮ ሲያከራይ ውሉን የተየብኩለት እኔው ነኝ። ለዚያውም ተከፍሎኝ። በገጽ ነው የምናስከፍለው፤ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፣ ተናድጄ ሁለት ገጽ ብዬ ቆጠርኩት።

ከተፋታን በኋላ ደባርቅ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ባለች አንዲት የፎቶ ኮፒና የጽሑፍ ቤት ተቀጠርኩ። አሁንም እዚያው ነኝ። ሥራዬ የሰው አቤቱታ መተየብ ነው። መጻፍ የሚችለው ባለጉዳይ በእጁ የጻፈውን ያመጣል፣ የማይችለው አጠገቤ ቆሞ ይነግረኛል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ አሰፍርለታለሁ። የወሰን ክርክር፣ የቀለብ፣ የውርስ፣ የፍቺ። በመጀመሪያው ዓመት የሚሠሩት ጣቶቼ ብቻ ነበሩ። እየቆየ ጆሮዬም መሥራት ጀመረ። አምስተኛው ዓመት ላይ ባለጉዳይ "እህቴ፣ ይህችን እንዴት አድርጌ ላስገባት?" ሲለኝ እንደ ጠበቃ አፌን ሞልቼ እመልስ ነበር። ይርጋ የሚሉት ነገር እንዳለ፣ ሰው ጥያቄውን ሳያነሳ ዓመታት ካለፉበት በሩ እንደሚዘጋበት ያወቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ስንቷን የተፋታች ሴት "ፍጠኚ እንጂ!" ብዬ ተቆጥቻለሁ። የራሴ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የእኔ አልቋል ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት ከአምባራስ የመጣ ጎልማሳ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። "የኪራይ ውል ነው። ዛሬውኑ እንፈራረማለን፣ ቶሎ ድረሽልኝ" አለኝ። አከራይ የሚለው ላይ የቀድሞ ባሌ ስም ከነአያቱ ተጽፏል፤ አድራሻው ዳባት። የሚከራየው ደግሞ በበቅሎ አከራዮች ማኅበር መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ነው።

የሰሜንን ተራራ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ድንኳኑንና ስንቁን በበቅሎ ያስጭናል። በቅሎ ያለው ሁሉ ግን ተነስቶ አይጭንም። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ተራ አስከባሪው በቁጥር ይጠራል፣ የተጠራው ይሄዳል፣ ከዚያ ዙሩ ሁሉንም አዳርሶ እስኪመለስ ይጠብቃል። መዝገቡ ከሞላ ብዙ ጊዜው ነው፣ አዲስ ሰው አይገባም። በቅሎ ብትሞት ሌላ በቅሎ ትተካለች። ቁጥር የሌለው ሰው ግን አሥር በቅሎ ቢኖረውም እንግዳ አይጭንም። ስለዚህ ቁጥር ያለው ሰው ዳባት ቁጭ ብሎ፣ ቁጥር ለሌለው ባለበቅሎ ያከራያል፤ ከያንዳንዱ ጉዞ ግማሹ ሳይንቀሳቀስ ይደርሰዋል። እኔ የተየብኩት ይህንን ነው።

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀው! አባቴ ስዳር የሰጠኝን ጊደር አሳድጌ፣ ዳባት ገበያ ሸጬ፣ በቅሎዋን የገዛሁት እኔ ነኝ። ያኔ ማኅበሩ ገና ሰው እየለመነ ይመዘግብ ነበር። ባሌ ሄዶ በስሙ አስመዘገበ። በማን ስም ይመዝገብ የሚል ጥያቄ በቤታችን አልተነሳም፤ ቢነሳ ኖሮ እኔ ራሴ እስቅ ነበር።

ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር ተየብኩ። አንድ ፊደል አልሳትኩም። ጎልማሳው አመስግኖኝ ወጣ። ከዚያ ተነስቼ ከቤቱ ጀርባ ሄድኩና ብቻዬን ቆሜ ተሳደብኩ። የሰደብኩት እሱን ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ንብረት ስዘረዝር የራሴን ያልቆጠርኩትን እኔንም ሰደብኩ።

ለምን እንደተፋታን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ሁለት የማይስማሙ ሰዎች ነበርን፣ ይብቃ። የተፋታነው ዳባት፣ የእሱ አጎት ቤት፣ ሦስት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችን ባሉበት ነው። ልጅ ስላልነበረን ነገሩ ቀላል ነው አሉ። ላሞቹን ቆጠሩ፣ በጎቹን ቆጠሩ፣ የቤቱን ቆርቆሮ ሳይቀር ቆጠሩ። "በቅሎስ?" አለ አንደኛው ሽማግሌ። በቅሎዋ በዚያው ክረምት ገደል ገብታ ሞታ ነበር። "ሞታለች" አልን፣ እኔና ባሌ በአንድ አፍ። "ነፍስ ይማር" አለ ሽማግሌው፣ ሁላችንም ሳቅን። በዚያ ቀን የሳቅነው በዚህ ብቻ ነው። ቁጥሩን ያነሳ ሰው አልነበረም። የእኛ አገር ሽማግሌ የሚቆጥረው እግር ያለውን፣ ጣራ ያለውን፣ ጎተራ የገባውን ነው። መዝገብ ላይ ያለ ተራ ሀብት ነው ብሎ ማን ያስባል? እኔም አላሰብኩም። እሱ አስቦ ዝም ብሎ እንደሆነ አላውቅም፤ እጠረጥራለሁ።

ሲጨርሱ አባታችን ቆመው ገዘቱ። በዚህ በተቆጠረው ተለያይታችኋል፣ ከዛሬ ወዲያ አንዳችሁ በሌላችሁ ላይ ይህን አንስቶ ጠያቂ የሚሆን የተገዘተ ይሁን፣ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ተስማምተሻል?" ሲሉኝ አዎ ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ "ከእሱ ሰባራ ሳንቲም አልፈልግም!" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጨዋ ልጅ ናት ማለታቸው ነው። እኔም ደስ አለኝ። በእኛ ዘንድ ሴት ስትፋታ ኩሩ እንድትሆን ይጠበቅባታል። ኩራቷ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ የጻፉትን ፍርድ ቤቱ እንዳለ አጸደቀው።

እንግዲህ ውሉን በተየብኩ ጊዜ ከተፋታን ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። ይርጋው አሥር ዓመት ነው፤ ሊዘጋብኝ የቀረው ጥቂት ወር ነው። ለሌላ ሴት ቢሆን "ነገ ክስሽን ይዘሽ ነይ" እላት ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ግዝት ነበረብኝ። በግዝት ታስሬ ፍርድ ቤት ብገባ ቁርባኔ ይቀራል፣ ብሞት ፍትሐቱ ያከራክራል። እናም ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ወረድኩ።

አባታችንን ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩና ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

"አባ፣ ግዝቱን እንዲፈቱልኝ ነው የመጣሁ።"

"የቱን ግዝት ነው ልጄ?"

"ስንፋታ የገዘቱንን።"

"እንደው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የት ኑረሽ ነው ዛሬ?"

"ስተይብ፣ አባ።"

አልሳቁም። "ሰባራ ሳንቲም አልፈልግም ያልሽ አንች አይደለሽም ወይ? በዚህ በጆሮዬ ነው የሰማሁ።"

"ብያለሁ፣ አልክድም። ግን አባ፣ እርስዎስ ሲገዝቱ ምን ብለው ነው የገዘቱ? በዚህ በተቆጠረው ብለው አይደለም?"

"ብያለሁ።"

"የበቅሎው ተራ ተቆጥሯል?"

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፣ ያኔ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ የሚያስታውሱ መሰሉ። "እሱስ አልተቆጠረም" አሉ በመጨረሻ።

"እንግዲያ ያልተቆጠረውን ብጠይቅ በምን ታስሬ ነው?"

"ልጄ፣ አንችን ይህ የፍርድ ቤት ደጅ አበላሽቶሻል።"

"እግዜር ይስጠው፣ አባ።"

ይህን ጊዜ ፈገግ አሉ። ብዙ አሰቡ፣ ከዚያ ግዝቱ ቁጥሩን አልነካውም፣ ብትጠይቂ አልተገዘትሽም አሉኝ። ግን ለአፍሽ ቀኖና አለብሽ አሉ፤ ሰባራ ሳንቲም ብለሽ በሰው ፊት ለተመጻደቅሽው ሰባት ቀን፣ በየቀኑ አርባ አርባ ስግደት። አልተከራከርኩም። ቀኖናው ተገቢ ነበር። ስግደቱን ግን በንዴት ነው የሰገድኩት፤ ጉልበቴ ሲነሳና ሲወድቅ ይርጋውን እቆጥር ነበር።

በስምንተኛው ቀን ክሴን መጻፍ ጀመርኩ። ለባለጉዳይ ሁሉ "ስድቡን አውጣው፣ ዳኛ ስድብ አይወድም" የምል ሴት፣ የመጀመሪያ ረቂቄ ከላይ እስከ ታች ስድብ ነበር። ቀደድኩት። ሁለተኛው ልቅሶ ነበር። እሱንም ቀደድኩት። ሦስተኛው ላይ በቅሎዋ በምን እንደተገዛች፣ ቁጥሩ መቼ እንደወጣ፣ በክፍፍሉ እንዳልተጠቀሰ ጻፍኩ፣ ግማሹ ይገባኛል ብዬ ፈረምኩ። አሠሪዬ የወረቀቱን ዋጋ ከደመወዜ ቆረጠ።

ክሱ እንደተሰማ ደባርቅም ዳባትም ስለ እኔ ማውራት ያዘ። ሰውየው አልፎለት ቀንታ ነው አሉ። ሌላ ባል ልታገባ መደገሻ አጥታ ነው ያሉም ነበሩ። ከሁሉ የበዛው ግን "አሁን? ቱሪስቱ በጠፋበት?" የሚለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ጸጥታው ከደፈረሰ ወዲህ እንግዳ ተመናምኖ፣ ተራ አስከባሪው ፀሐይ ሲሞቅ የሚውልበት ዘመን ነበር። ያ አምባራሴ ጎልማሳ ራሱ ተራውን የተከራየው ነገ ይሻላል ብሎ ነው። ቀደም ብላ ብትጠይቅ ኖሮ እሺ፣ ይሉኝ ነበር። ቀደም ብዬ ብጠይቅ ደግሞ "ገና የፍቺው ወረቀት ቀለም ሳይደርቅ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እንደ እኔ ላለች ሴት ትክክለኛ ሰዓት የሚባል ነገር እንደሌለ ገባኝና ወሬውን መስማት ተውኩ።

ችሎት ቀረብን። ባሌ፣ ማለቴ የቀድሞው፣ ጠበቃ አቁሟል። መልሳቸው ሦስት ነገር ነበር፤ አንደኛ በሽማግሌ ተጨርሷል፣ ሁለተኛ በቅሎዋ ሞታለች፣ ሦስተኛ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፣ ቱሪስት የለም። ዳኛዋ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ሴት ነች። አንገቷን ሳታነሳ "ዋጋ ከሌለው ለምን አከራዩት?" አለች።

"አላከራየሁም" አለ።

የውሉ ፋይል ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ብጫን ታትሞ ይወጣል። አልነካሁትም፤ የባለጉዳይ ወረቀት ነው፣ በእኔ ላይ የተጣለ እምነት አለ። በዚህ ማንም አያማኝም። ያደረግሁት ተከራዩ ውሉን ይዞ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ነው። በቀጠሮው ጎልማሳው ከአምባራስ መጣ፣ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። ዳኛዋ አነበበችና "ጥሩ ተጽፏል። ማን ነው የጻፈው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ችሎቱ ሳቀ። የቀድሞ ባሌ አልሳቀም። ለካስ ሰው ልኮ ያስተየበው የት እንደሆነ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ተራ አስከባሪው ምስክርነት ሰጠ። ሽማግሌ ነው፣ ከእኔ ጋር ዝምድናም ጠብም የለውም። አንድ በጋ ባሌ እግሩን ተሰብሮ ተኝቶ ሳለ በቅሎዋን የጫንኳት፣ ከእንግዶቹ ኋላ እየተከተልኩ ሽቅብ የነዳኋት እኔ እንደሆንኩ ተናገረ። "ሴት አትነዳም ብለናት ነበር። እምቢ አለችን። ምን እናርጋት?" አለ። ይህን ሲል እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ለወራት ተረከዜ ተሰነጣጥቆ፣ ሆቴል ደጅ የቆሙ ወንዶች እየሳቁብኝ፣ ከብርዱ የተነሳ ጣቶቼ ገመድ መፍታት እያቃታቸው የሠራሁትን ሥራ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገርልኝ የመጀመሪያው ነበር።

ከችሎት ስንወጣ የቀድሞ ባሌ አጥሩ ጋ ጠበቀኝ። ጠበቃው አልነበረም። "ስንት ልስጥሽና ይቅር?" አለኝ። እሱ ራሱ መልሶ ገንዘብ ጠራ። ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። የምከራያትን ክፍል ትቼ የራሴን ጎጆ የማቆምበት መነሻ ይሆነኝ ነበር። ልዋሽ አልፈልግም፤ የዚያን ቀን ኑሮዬን ሳስበው ተቀበይ ተቀበይ የሚለኝ ነገር ነበር።

"መዝገቡ ላይ ስሜ ይግባ" አልኩት።

"ምን ያደርግልሻል? አንች ጽሕፈት ቤት ነሽ፣ በቅሎ የለሽ።"

"እሱን ለእኔ ተወው።"

"እልኸኛ" አለኝ።

እልኸኛ ነኝ። ገንዘቡን ብቀበል ገዝቶኝ ነበር የሚሄደው። ነገ ማንም መዝገቡን ቢገልጥ ያ ተራ ከመጀመሪያው የእሱ ብቻ እንደነበረ ነው የሚያነበው። የእኔ ጊደር፣ የእኔ በጋ፣ የእኔ ተረከዝ የትም አይገኝም። ጎጆስ በሌላም ይሠራል። ይህን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም፤ እህቴን ጨምሮ፣ ያበድኩ መሰላት።

ማኅበሩ በደብዳቤ ቁጥር ለሁለት አይከፈልም አለ። ዳኛዋ ካልተከፈለ በዙር ይሁን ብላ ወሰነች፤ አንድ ዙር የእሱ፣ አንድ ዙር የእኔ፣ የሁለታችንም ስም መዝገቡ ላይ ይስፈር። ውሳኔውን ወስጄ ማኅበሩ ቢሮ ስገባ ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ "ቦታ የለም እኮ" አለኝ። ከእሱ ስም ጎን ጠባብ ባዶ ቦታ ነበረች። "እዚህች ላይ ጻፍ" አልኩት። "ትጠባለች።" "አጥብበህ ጻፍ።" እስክሪብቶውን አንስቶ እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነሳሁም።

መጀመሪያ የእኔ ዙር ሆነ። ግን እንግዳ ካልመጣ ዙሩ አይንቀሳቀስም፣ እንግዳ ደግሞ የለም። ክረምቱ አለፈ። መስቀል አለፈ። ስተይብ የሚያዩኝ ሁሉ "ተራሽ ደረሰ ወይ?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ "እየመጣ ነው" እላለሁ። ኅዳር ውስጥ ተራ አስከባሪው ደወለልኝ። አፈር የሚያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች መጥተዋል፣ ዕቃ አላቸው፣ ነገ ማለዳ ነው አለኝ። አሠሪዬን የአራት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። በቅሎ ከዚያው ከአምባራሴው ጎልማሳ ተከራየሁ። ውሉን ግማሽ በግማሽ ያሳጠርኩበት ሰው ነኝ፣ ግን አልጨከነብኝም፤ ጭነቱንም አብሮኝ ቋጠረ።

ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። ዳገቱ ያኔ ከማውቀው ረዝሟል። በሁለተኛው ቀን ጉልበቴ አበጠ፣ በሦስተኛው የአፈር ከረጢት ተጨመረብኝና በቅሎዋ ቆማ አልሄድም አለች፣ ለምኜ ሰድቤ አስኬድኳት። ተመራማሪዎቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ ግን ድንጋይ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት ደባርቅ ገባን።

ማኅበሩ ቢሮ ሂሳብ ስቀበል የቀድሞ ባሌ እዚያ ነበር። ቀጣዩ ዙር የእሱ ስለሆነ ቁጥሩን ሊያረጋግጥ ከዳባት መጥቷል። ጸሐፊው የማኅበሩን ቆረጠ። የበቅሎውን ኪራይ ለጎልማሳው ሰጠሁ። በቅሎዋ የበላችውን ገብስ ከፈልኩ። እጄ ላይ የቀረው ሁለት ቀን ብተይብ የማገኘው ነው። የቀድሞ ባሌ ገንዘቡን አየ፣ አቧራ የለበሰ ጫማዬን አየ፣ ያበጠ ጉልበቴን ይዤ እንደቆምኩ አየኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም። ከልቡ ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ።

"ለዚችው ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት ቆይተሽ የከሰስሽኝ?"

"አዎ" አልኩት። "ለዚችው ነው።"

ብሩን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ጸሐፊውን፣ ከእሱ ዙር ቀጥሎ የማን ስም እንደሆነ ለሁላችንም እንዲያነብልን ጠየቅሁት።